ስም ያልተከተለው ጥሩምባ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እንግባባ፣ እኔ ሙት ታየ፣ ዛር ተናገረ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ መሳቅ ብቻም አይደለም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንዲህ ያለ ወሬ የጀመረ ባልደረባ ካለ «ማን አየ? የት ቆሞ? አንተስ ምን ጠጥተህ ነበር?» እያልኩ ወሬውን እስኪጠላ ድረስ የማፋጥጠው እኔው ነኝ፣ በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው አይወደኝም። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እንደዚያው አፋጥጠው ነበር። ምን ላድርግ፣ የደረሰው በራሴ ላይ ነው፣ የሰማሁትም በገዛ ጆሮዬ ነው፣ ያውም ክረምቱን ሙሉ ሳሠለጥነው በከረምኩት ጆሮ።

ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህር ነኝ። የሙዚቃ መምህር ስላችሁ ፒያኖ ምናምን እንዳይመጣባችሁ፣ ያለን አንድ ከበሮና ሁለት ዋሽንት ነው፣ የሚበዛውን ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ሳስጨበጭብ ነው የምውለው። ደረጃዬን ላሻሽል ብዬ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በክረምት መርሐ ግብር ተመዘገብኩ፣ አምና ክረምት የደረሰኝም መካከለኛ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ የጆሮ ሥልጠናና የዜማ ድርሰት ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ተሸምድዶ ይታለፋል፣ ድርሰቱም እንደምንም ይጻፋል፣ የጆሮ ሥልጠናው ግን፣ እመኑኝ፣ ሰው ያስለቅሳል። መምህሩ ኪቦርዱን ወደ ራሱ አዙሮ ሁለት ድምፅ ይመታል፣ እናንተ ጣቱን ሳታዩ፣ መሣሪያ ሳትነኩ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ትናገራላችሁ፣ በግማሽ ድምፅ ከሳታችሁ ሳታችሁ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከክፍሉ መጨረሻ ነበርኩ።

መምህራችን ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ተስፋ መቁረጣችንን አይቶ ዘዴ ነገረን። እያንዳንዳችሁ ከልጅነት ጀምሮ የምታውቁትን፣ ከፍም ዝቅም የማይል አንድ ድምፅ ምረጡ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት በጭንቅላታችሁ ጥሩት፣ ሌላውን ሁሉ ከእሱ እየተነሣችሁ ለኩ አለን። አንዱ የደብራቸውን ደወል መረጠ፣ አንዷ የመዘምራኖቿን ኪቦርድ የመጀመሪያ ድምፅ ያዘች፣ ከጥሊሊ ከተማ የመጣው ልጅ የአንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔ ብዙም ሳላስብ የሰፈራችንን የእድር ጥሩምባ ያዝኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ዳንግላ ነው፣ እናቴም አሁን ድረስ እዚያው ናት። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ የሚነፉት አያ ታከለ ነበሩ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሌላ ሰው ሲነፋ አልሰማሁም። አንድ ረጅም ድምፅ ይነፋሉ፣ ትንፋሽ የሚያህል ዝም ይላሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስም መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአገውኛ ይጠራሉ። ያ ድምፅ ለታላቅም ለታናሽም፣ በበጋም በክረምትም አንድ ነበር። አንድ ጊዜ በስልኬ መቃኛ ለክቼው ነበር፣ «ላ» ከሚባለው የኖታ ድምፅ ጥቂት ወረድ ብሎ ይቆማል። ሰው የሞት ጥሩምባን ለትምህርት ይይዛል ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ እኔ ግን ድምፅ ድምፅ ነው ባይ ነበርኩ፣ ደግሞም ሠራልኝ፣ በሁለት ሳምንት ከክፍሉ ጅራት ወደ ራሱ ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ለእሁድ ቤት መጥቼ ይህንኑ ለራሳቸው ለአያ ታከለ ነገርኳቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በጋቢ ሸፍነው ዝናቡን ያያሉ፣ ሰምተውኝ ሲያበቁ ታዲያ ጭንቅላትህ ውስጥ በፈለግህ ሰዓት ይነፋል ማለት ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«ስምስ ታስከትልበታለህ?»

«የምን ስም አያ ታከለ? ለመለኪያ ነው እኮ።»

«እኔ አንድ ቀን እንኳ ለሙከራ ነፍቼው አላውቅም ልጄ። ጥሩምባ ከተነፋ ስም መከተል አለበት። ስም ያልተከተለው እንደሆነ ራሱ ሄዶ ይፈልጋል።»

የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ። እሳቸው ግን በዚያው ምሽት ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ቀኔ ሲደርስ እሱ ይንፋልኝ፣ ድምፄ ጆሮው ውስጥ አለ ብለዋት ኖሯል። ልጅ የላቸውም፣ ለሌላ ለማን ይናዘዙ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ የድርሰት ሥራችንን ስንሠራ እናቴ ደወለች። ስለ እናቴ ትንሽ ልበላችሁ፣ ገበያ ላይ ድንች ትነግዳለች፣ ድምፅዋ ከወዲያ ጥግ ይሰማል፣ ኩንታል ሲጫን ቆማ ከማየት ጫፉን ይዛ ብታነሣ የምትመርጥ ሴት ናት፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ እሷ ለኔ፣ እኔም ለእሷ ብቻ ነን። አያ ታከለ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ነገ መሆኑን፣ እትዬ ጥሩወርቅም በኑዛዜያቸው መሠረት እንድነፋ እኔን ካላስመጣችሁ እያለች መሆኑን ነገረችኝ። ከእንጅባራ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጉሙን ስንሰነጥቅ መጥተን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ገደማ ዳንግላ ደረስኩ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ነጋዴ ናቸው፣ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ፣ በእጅ የሚያዝ ማይክ ከሆነ ቦታ አስመጥተው በዚህ እንዞራለን፣ ለቀረው ስልክ አለ ይላሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያሉት ትክክል ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ከውስጥ ወጥታ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች።

«ለሁላችሁም አባትና እናት ሲነፋ የኖረን ሰው በማይክ ትጠሩታላችሁ? ልጅ የለው፣ ወገን የለው፣ ያለው ያ ድምፅ ነው። ካልተነፋለት ሬሳው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

አቶ ደምሴ ማይኩን አግዳሚው ሥር አስቀመጡት። ሰው የሚፈራው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ወገን የሌለው ሰው ቀብር ጭር ማለቱን ነው። ጥሩምባውን አምጥተው እጄ ላይ አደረጉት፣ ረጅም ቆርቆሮ ነው፣ አፉ በከንፈር ብዛት ተልጎ ለስልሷል። እኔ ዋሽንት ነው የምነፋው፣ ጥሩምባ ሌላ ከንፈር ይፈልጋል፣ ይህንን ብናገር አቶ ደምሴ እንግዲያ አሁኑኑ ሞክረው፣ ነገ ጠዋት ከማፈር ዛሬ ይሻላል አሉ። ለሙከራ አይነፋም ሲባል ሰምቻለሁ አልኩ፣ ግማሽ ቀልድ ነበር። «ተው ባክህ፣ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ፣ ይቺ ቃል እኔን ከየትም ጎትታ ወደማልፈልገው ታስገባኛለች።

ነፋሁ፣ ንፋስ ብቻ ወጣ። ደግሜ ነፋሁ፣ ያው ነው፣ ሽማግሌዎቹ በለቅሶ ቤት እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጉንጬን ወጥሬ ስሞክር ግን በድንገት ወጣ፣ አጭርና ኃይለኛ ድምፅ፣ ከድንኳኑ አልፎ ሰፈሩን ሲያዳርስ ተሰማኝ። ቤት ውስጥ ለቅሶው ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ እንደገና ብቅ አለች፣ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«ማንን ጠራችሁ?»

አቶ ደምሴ ለእሳቸው ነው እንጂ ለማን ይሆናል አሏት። ለእሱ ከሆነ ስሙ የታለ ብላ ወደኔ አየች። ያኔ ነበር ስማቸውን መጥራት የነበረብኝ፣ ያን ሁሉ ሰው አይቼ ግን አፈርኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ያለፈበት መሰለኝ። ዝም ስል ጊዜ ተመልሳ ገባች፣ ለቅሶውም ቀጠለ። ተማሪ ነኝና ጆሮዬ ግን አንድ ነገር ያዘ፣ ከንፈሬ ስለጠበቀ የኔ ድምፅ ከአያ ታከለ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይል ነበር።

ማግስቱን ጎህ ሲቀድ ከእድሩ ጸሐፊ ከደሳለኝ ጋር ወጣን። ደሳለኝ አብሮ አደጌ ነው፣ እሱ ባትሪ ይዞ ከፊት፣ እኔ ጥሩምባውን በጋቢዬ ሸፍኜ ከኋላ፣ ጉሙ ከባድ ስለነበር የሚታየኝ የባትሪው ብርሃን ብቻ ነው። በግቢው በር ላይ ነፋሁ፣ ጠራሁም፤ እድርተኛ ሆይ፣ አያ ታከለ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ደገምኩ። የጠራሁት በአማርኛ ብቻ ነው፣ አገውኛ እሰማለሁ እንጂ ስናገር ሰው ያስቃል፣ በእንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ማንንም ማሳቅ አልፈለግሁም። ሁለቱንም ጊዜ ድምፄ እንደ ትናንቱ ከፍ ብሎ ነው የወጣው፣ ይህንን ልብ በሉልኝ።

የቀረን ማዶ ሰፈር ነው። ማዶ ሰፈር ከወንዙ ባሻገር ነው፣ ቤቱ ተራርቆ የተሠራ፣ ሰዎቹም አብዛኛውን በአገውኛ የሚያወሩ፣ ለቀብር ሲወጡ ደግሞ ፈረሳቸውን ይዘው ስለሚመጡ ያለ እነሱ ቀብር ቀብር አይመስልም። ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ሸፍኖታል፣ መሻገር አይታሰብም፣ ስለዚህ ከዚሁ ልንፋው ተባባልን። ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ጥሩምባውን ገና ከብብቴ አላወጣሁም።

ከማዶ ተነፋ።

ረጅም፣ ያልተጣደፈ ድምፅ ነበር። የነገርኳችሁ ዓይነት ሰው ነኝና መጀመሪያ ያደረግሁት መለካት ነው። የገደል ማሚቶ እንዳልል፣ ማሚቶ የሚመልሰው የሰጡትን ነው፣ እኔ ደግሞ ገና አልነፋሁም፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ የነፋሁት ነው እንዳልል፣ ይሄኛው ከእሱ በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው። ከ«ላ» ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚቆመው፣ ክረምቱን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ስጠራው የከረምኩት ድምፅ ነው። ከዚያ ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ጠርቶ አረፈና በሌላ አነጋገር ደገመው። ወንዙ ስለሚጮህ ቃሉን አልሰማሁም።

ደሳለኝ ዞር ሳይል፣ ባትሪውን ወደ ውኃው እያበራ፣ «አሁን ገና ቀናህ፣ ልክ እንደ እሳቸው» አለኝ።

እኔ አልነፋሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት እንደገና ተነፋ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ዝምታ፣ የተከተለው ጥሪ ግን ከመጀመሪያው ያጠረ ነው፣ ቃሉ ባይለይም የሌላ ሰው ስም መሆኑ ይታወቃል። ደሳለኝ ባትሪውን ወደኔ አዞረ። ጥሩምባው ብብቴ ሥር ነበር፣ እጄም በጋቢዬ ተጠቅልሏል። አየው፣ ፊቴን አየ፣ ባትሪውን ወደ መንገዱ መልሶ ቀድሞኝ ሄደ። ዛሬ ስጠይቀው ጉም ነበር፣ እኔ ምን አውቃለሁ ይለኛል።

ቀብሩን ብታዩት፣ በእኔ ዕድሜ እንደዚያ የሞላ ቀብር አላስታውስም። የማዶ ሰዎች በላይኛው ድልድይ ዞረው፣ ያንን ጭቃ አቋርጠው፣ ፈረሶቻቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ፣ ሴቶቹ በአገውኛ እያሞገሱ ሲገቡ እትዬ ጥሩወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ቆመች። እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጠዋት የሰማሁትን ለጊዜው ረሳሁት። ከአፈሩ በኋላ ግን አላስችለኝ ብሎ አንዲት የማዶ አሮጊት ማን ነገራችሁ እማማ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተው ነፍተህ! ደግሞ በአገውኛም ጠራህ፣ ጎበዝ ነህ፣ አንደበትህም እንደ እሱ ነው።»

«ሁለተኛውስ፣ ማንን ነበር የጠራሁት?»

ፈገግታቸው ጠፋ። አሁን ገና ማን መሆኔን ያስተዋሉ ይመስል ፊቴን አዩት፣ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ፣ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረውን ሰውዬ ብጠይቀው የሰማነው የለም አለኝ፣ ሌላውም እንደዚያው፣ ሁሉም የጨበጡኝን እጅ ቶሎ አይለቁም። አሮጊቷ ወደ እናቴ ሲሄዱ አየሁ፣ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች፣ ብዙ ቆይታ አየችኝ።

የኔ ስም ነው ብዬ ደመደምኩ፣ እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ትላላችሁ? እንጅባራ ተመልሼ ለመምህራችን ነገርኩት፣ አልሳቀብኝም፣ ጆሮ የለመደውንና የሚጠብቀውን ይሰማል፣ ደክመህ ነበር፣ ድምፁም ለሳምንታት ጭንቅላትህ ውስጥ ነበር አለኝ። ለሌላ ሰው እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የማዶ ሰዎች ጆሮ ውስጥስ ማን አስገባው ስለው ኪቦርዱን መሸፈን ጀመረ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ድርሰቴ ግን አላለቀም፣ ከአንድ ረጅም ድምፅ ተነሥቶ ዝም የሚል ዜማ ነበር፣ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን መጻፍ ፈርቼ ሌላ ተራ ነገር ጽፌ አስረከብኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። እኔ ያ ደፋሩ ባጃጅ ላይ ስወጣ ማማተብ ጀመርኩ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ሐኪም ቤት እሮጣለሁ፣ ባልደረቦቼ ምን ነካው ይላሉ። እናቴ ደግሞ በየማለዳው መደወል ጀመረች፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራት። አንድ ቀን ጨከንኩና የተጠራሁት እኔ ነኝ ወይ አልኳት፣ አንተ አይደለህም፣ በእመቤቴ እምልልሃለሁ አለችኝ። እናት ምን የማትምለው አለ ብዬ አላመንኳትም።

ነገሩ የገባኝ ሰሞኑን ነው። እናቴን ልጠይቅ ዳንግላ ስሄድ የማዶ ሰዎች ለገበያ ይመጣሉ፣ ባዩኝ ቁጥር ከፈረስ ወርደው ይስሙኛል፣ ሲሳሳቁ ቆይተው እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ፣ አንዱ የያዝኩትን ዕቃ ነጥቆ እናቴ ቤት ድረስ ይሸከምልኛል፣ ሌላዋ በልተሃል ወይ ትለኛለች። ይህንን አስተያየት አውቀዋለሁ እኮ። አባቴ ሲያርፍ ባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ፣ በአገራችን ወግ መርዶ ቶሎ አይነገርም፣ አባትህ ትንሽ አሞት ነው ብለው መኪና ላይ ሲያሳፍሩኝ፣ መስኮት ዳር ሲያስቀምጡኝ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ ያዩኝ የነበረው እንዲህ ነው። ሰው ሊሞት ነው ብሎ የሚያስበውን ሰው እንዲህ አያየውም። እንዲህ የሚያየው የሚቀረውን ነው።

ለካ እናቴ የማለችው እውነቷን ነው፣ የተጠራው የኔ ስም አይደለም።

ትናንት ማለዳ እንደ ልማዷ ደወለች። ምን ፈልገሽ ነው እማዬ አልኳት፣ እስከ ዛሬ ድምፄን ልትሰማ የምትደውል ይመስለኝ ነበር። «ምንም አልፈለግሁም የኔ ጌታ፣ ድምፄን እንድትሰማው ብዬ ነው» አለችኝ። አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም፣ ስለ ድንች ዋጋና ስለ ዝናቡ አወራን። ጥሩምባውን ከጭንቅላቴ ካስወጣሁት ቆይቷል፣ አሁን የምለካው «እንዴት አደርክ» ስትለኝ ያለውን የእናቴን ድምፅ ነው፣ በየማለዳው ሳልወድ እለካዋለሁ፣ ለወራት ከፍም ዝቅም ሳይል አንድ ቦታ ላይ ነበር። ከሦስት ቀን ወዲህ ጥቂት ወረድ ብሏል። ብርድ ነው ትላለች።